የባሮ ሽሪምፕና የልጄ ሽማግሌዎች

ልጆቼን ያሳደግኩበት ሕግ ብዙ አይደለም። በጠዋት ተነሱ፤ የጀመራችሁትን ጨርሱ፤ ስለምትበሉት ነገር አትዋሹ። የመጨረሻው ሲሰሙት ያስቃል፤ ልጆቼም ይስቁበት ነበር። እኔ ግን የምለውን አውቃለሁ። ሰው መጀመሪያ የሚዋሸው ስለ ሆዱ ነው። ስኳር ሰርቆ የላሰ ልጅ አፉን ይጠርግና "እኔ አይደለሁም" ይላል። እዚያ ላይ ካልተቀጣ፣ አድጎ የመንግሥት ዕቃ ሲወስድም አፉን ጠርጎ እንዲሁ ይላል። ስለዚህ በእኔ ቤት የበላ በላሁ ይላል፤ ያልበላም አልበላሁም ይላል።

ይህን ሕግ ሳወጣ፣ እኔ ራሴ በምበላው ነገር እንግዶች ፊት የምጠየቅበት ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ፊደል የለየሁት አሰብ ወደብ ላይ የጉልበት ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ ነው። በየመጋዘኑ በር ላይ የተጻፈውን ማስታወቂያ ሰው እያስነበብኩ፣ ያነበቡልኝን ማታ በከሰል ግድግዳ ላይ እየጻፍኩ ተማርኩ። ሞተር መፍታትና መግጠምም እንዲሁ ሰው ሲሠራ እያየሁ ለመድኩ። አሰብ ላይ የለመድኩት ሌላም ነገር አለ። ከወደቡ አጠገብ ምግብ ቤት የነበረው አንድ የየመን ሰው፣ ጄኔሬተሩን ጠግኜለት ምሳ አቀረበልኝ። ሳህኑን ሳየው አንበጣ መሰለኝ። እግሩ ብዙ፣ ጢሙ ረጅም፣ ዓይኑ የወጣ የባህር ነገር ነው፤ ሽሪምፕ ይሉታል። ትቼው እንዳልነሳ ርቦኛል፤ ሰውየውም ቆሞ ያየኛል። ዓይኔን ጨፍኜ አንዱን ጎረስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር እዚያ ሰው ቤት አልታጣም ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ከአሰብ ወጣን። ምን ጥለህ መጣህ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ቤቴን፣ አልጋዬን፣ የስፌት መኪናችንን እጠራለታለሁ። ሽሪምፑን ለማንም አልጠራሁም። በልቤ ግን ከአልጋው በላይ የሚቆጨኝ እሱ ነበር።

ጋምቤላ የመጣሁት ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን ነው። ትናንት መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ ቀለም ተቀብቶ ቢሮ ይሆናል። ሰሌዳው ይሰቀላል፤ ወንበሩ ግን አልደረሰም። ኃላፊው ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሞ ባለጉዳይ ያስተናግዳል። ሰው ሁሉ አዲስ ነበር፤ ሥራውም፣ ሹመቱም አዲስ። እኔን በውሃ አገልግሎት የፓምፕ ሠራተኛ አድርገው ቀጠሩኝ። ከባሮ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ፓምፕ ቤት ተሰጠችኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ወንዙ ውስጥ የገባው የመሳቢያ ቱቦ ጫፉ ላይ ወንፊት አለው። ሌሊቱን ሣር፣ ቅጠልና ጭቃ ይይዛል፤ በየጠዋቱ ካልተጠረገ ፓምፑ ውሃ በመሳብ ፈንታ አየር ይስባል። በመጀመሪያው ሳምንት ወንፊቱን ጎትቼ አውጥቼ ሣሩን ስለቅም፣ ከመሃሉ ጣቴ ላይ የዘለለ ነገር አየሁ። ያዝኩት። መልኩ እንደ ውሃ ነው፤ ወደ ፀሐይ ሳደርገው ሆዱ ውስጥ ያለው ይታያል። እግሩ ያው፣ ጢሙም ያው። ከአሰቡ ቢያንስም ያው እሱ ነው። ባህር በሌለበት አገር፣ እንጀራዬን በማገኝበት ወንፊት ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ብቻዬን ስቄ እንደነበር ትዝ ይለኛል። እኔ ደግሞ በቀላሉ የምስቅ ሰው አይደለሁም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከሣሩ እየለቀምኩ በዱቄት ወተት ጣሳ ማጠራቀም ጀመርኩ። አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ስለቅም ከበላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"እሱን ትጥለዋለህ?"

ቀና ስል ቁመቱ ረጅም፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለ ሰው ቆሟል። በአንድ እጁ ጫማውን፣ በሌላው ከሸምበቆ የተሠራ ቅርጫት ይዟል።

"ብጥለው ምን አገባህ?" አልኩት።

"ከጣልከው እኔ ልውሰድ።"

"ለምን?"

"ለመንጠቆ ነው። ዓሣ ይወደዋል።" ጣሳዬን አየ። "አንተስ ለምን ትሰበስባለህ?"

ለዶሮ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የራሴ ሕግ ያዘኝ።

"ልበላው ነው" አልኩት።

ሰውየው ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ቅርጫቱን ከፍቶ አሳየኝ። በእርጥብ ሣር የተሸፈኑ፣ ከእኔዎቹ ሁለት እጥፍ የሚሆኑ ሽሪምፖች ነበሩ።

"እኔም ለመንጠቆ አይደለም" አለ።

ጓደኝነታችን እንዲህ ጀመረ። ሰውየው አኙዋክ ነው፤ ባሮ ዳር ተወልዶ ያደገ። መምህር ነበር። በዚያን ጊዜ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀምረው ስለነበር እሱም በራሱ ቋንቋ እንዲያስተምር ተመድቦ ነበር። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ለአክብሮት ንግግር ግን አልተመቸም። ለሚኒስትርም ለሊስትሮም "አንተ" ነው የሚለው። እኔን በከተማው ውስጥ "አንተ" የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ከበደኝ። በኋላ ሌላው ሰው "እርስዎ" ሲለኝ የሚፈራኝ፣ እሱ "አንተ" ሲለኝ የሚቀርበኝ መሰለኝና ለመድኩት። እኔም ስሙን ትቼ "መምህር" እለው ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እሱ ትምህርት የለውም፤ እኔም ፓምፑን ካስነሳሁ በኋላ አጠገቡ ከመቀመጥ ሌላ ሥራ የለኝም። እሱ ቅርጫቱን ከሣሩ ሥር፣ ውሃው ቀስ ከሚልበት ቦታ አጥምዶ ያድርና ጠዋት ያነሣል። አዞ አለ እለዋለሁ። "አዞው እኔን ያውቀኛል፤ አንተን ግን አያውቅህም፤ እዚያው ቁም" ይለኛል። ከድሮ በርሜል ክዳን ቀጥቅጬ መጥበሻ ሠራሁ። ያ መጥበሻ ከፓምፕ ቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ ምክንያቱም የሚገባበት ቤት የለውም።

ባለቤቴ ነገሩን ከመጀመሪያው ቀን አልወደደችውም። አንድ ጊዜ ቤት ይዤ ብመጣ፣ ጣሳውን ከፍታ አየችና መልሳ ከደነችው።

"ይሄ በእኔ ድስት አይገባም" አለች።

"ዓሣ አይገባም እንዴ?"

"ዓሣ ክንፍና ቅርፊት አለው። ይሄ ምን አለው? ጢም ብቻ።"

እሷ ያለችው የሃይማኖታችን ሥርዓት ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። የንስሐ አባቴም ያውቃሉ። በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም ስግደት ያዝዙኛል፤ እሰግዳለሁ። በጾም አልነካውም። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ወንዝ ዳር ነኝ። ስለዚህ ነገር እኔ ትክክል ነኝ ብዬ ከማንም ጋር ተከራክሬ አላውቅም። ደካማነቴን አውቄ እበላለሁ።

መምህሩም ቤቱ አልተመቸውም። ሚስቱ ዓሣ አጥማጅ ቤት ያደገች ናት። ለእሷ ሽሪምፕ የዓሣ ቀለብ ነው፤ ልጆች ለጨዋታ የሚይዙት ነገር። አንድ ቀን ፓምፕ ቤቱ ድረስ መጥታ ሁለታችንንም አየችን፤ በቋንቋዋ አንድ ነገር ተናግራ እየሳቀች ሄደች።

"ምን አለች?" አልኩት።

"የሌላ ሰው ባል ዓሣውን ይዞ ይመጣል፤ የእኔ ባል ዓሣው የሚበላውን በልቶ ይመጣል፤ አለች።"

"አንተ ምን አልካት?"

"ሁለት ነን አልኳት። አንድ ብሆን ሞኝ ነኝ፤ ሁለት ከሆንን ግን ልማድ ነው።"

እኔ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ጠብሼ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። እሱ በጨው ውሃ ብቻ ቀቅሎ መብላት ይወዳል። ጭንቅላቱን ቆርጬ ስጥል ይቆጣኛል፤ "ጣፋጩ እዚያ ነው፤ አሰብ ላይ ማን አስተማረህ?" ይለኛል፤ የጣልኩትን እያነሳ ይመጠዋል። ጴንጤ ስለሆነ ከመብላቱ በፊት ይጸልያል፤ ጸሎቱ ረጅም ነው። ለትምህርት ቤቱ፣ ለአዲሱ ክልል፣ ኢታንግ ላሉት ዘመዶቹ ሁሉ ይጸልያል። እኔ አማትቤ ጨርሼ እጠብቀዋለሁ። በመሃል አንድ ዓይኑን ከፍቶ መጥበሻውን ያያል።

"አልጀመርኩም፤ ጨርስ" እለዋለሁ።

እኔ ሰዓት ስለማክበር እመክረዋለሁ፤ ስለ ቁጠባ እመክረዋለሁ፤ ልጆቹን ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝ እመክረዋለሁ። ሁሉንም በትዕግሥት ይሰማኛል፤ አንዱንም አይሠራበትም። በዚያን ጊዜ በከተማው ከደጋ የመጣው ከደጋው ሰው ጋር፣ የአካባቢው ተወላጅም ከራሱ ሰው ጋር መቀመጥ ያዘወትር ነበር። ማን ሹመት አገኘ፣ ማን ተነሳ የሚለው ወሬ ሰዉን ያራርቀው ነበር። እኛ ወሬው ሲነሳ ሽሪምፕ እንልጣለን። ሽሪምፕ የሚልጥ ሰው ሁለት እጁ ተይዞ፣ ጣቱ ጨው ነክቶት፣ ከጓደኛው ጋር ሊጣላ አይችልም። ይህን ለምክር አልጻፍኩትም፤ ያየሁትን ነው።

የመጀመሪያ ልጄ ጤና ረዳት ሆና ሆስፒታል ተቀጥራ ነበር። አብሯት የሚሠራ አንድ የጎሬ ልጅ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ልጁን አየሁት፤ ሲናገር ዓይን ያያል፤ ወደድኩት። ቤተሰቡ ግን ጠንካራ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መሆናቸውን፣ አጎቱ በደብራቸው የሰበካ ጉባኤ ሊቀመንበር መሆኑን ሰማን። ሽማግሌ ለመላክ ቀን ሲቆረጥ ባለቤቴ ልጆቹን ከቤት አስወጥታ በሩን ዘጋችና ተቀመጠች።

"ስማኝ" አለች። "ልጄ ይሄን ልጅ ትፈልገዋለች። አንድ ነገር ተሰምቶ ቢቀርባት አልረሳልህም።"

"ምን ይሰማል?"

"የወንዝ አንበጣህ። የሰፈሩ ሴቶች ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ? ባሏ ነፍሳት ይበላል ይሉኛል። ጎሬ ከደረሰ ልጅቷም ትበላለች ነው የሚባለው።"

እውነቷን ነው።

"ደግሞ መምህሩ በዚያ ቀን ባይመጣ" አለች።

"እሱ ካልመጣ እኔ ማን አለኝ?"

ልጅ ሲጠየቅ ከአባት ጎን የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። ወንድሞቼ ሩቅ ናቸው፤ የአሰብ ጓደኞቼ ተበትነዋል። ጋምቤላ ላይ ወንድም በሚቀመጥበት ቦታ ላስቀምጠው የምችለው ሰው እሱ ብቻ ነበር። ባለቤቴም ይህን ታውቃለች። በመጨረሻ፣ "ይምጣ፤ ግን ስለዚያ ነገር አንድ ቃል እንዳይወጣው" አለች።

ነገርኩት። ምክንያቱን ግን ለመምህሩ አላብራራሁለትም፤ ሥርዓታችንን ለእሱ ባስረዳው እኔ ለምን እንደምበላ ሊጠይቀኝ ነው።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ስለምናደርገው ነገር ሽማግሌዎቹ ፊት እንዳትናገር" አልኩት።

"ለምን እናገራለሁ? የሁለታችን ነው" አለ።

ሽማግሌዎቹ በእሑድ ከሰዓት መጡ። ሦስት ናቸው። ከመካከላቸው የሚናገረው የልጁ አጎት ነው፤ ጋቢውን በዚያ ሙቀት እንኳ ከትከሻው አላወረደም። ሁለተኛው በጣም ያረጁ፣ በባርኔጣቸው ፊታቸውን የሚያራግቡ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ቆላ ወርዶ ስለማያውቅ ሙቀቱ ጥሎት ግድግዳ ተደግፎ ዝም አለ። ባለቤቴ ሁለት ቀን የለፋችበትን ዶሮ ወጥ አቀረበች። መምህሩ በተተኮሰ ሸሚዙ ከጎኔ ተቀምጧል።

በእኛ ወግ ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ እሺ ሳይባል እህል አይቀምስም። አጎትየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "መልሳችሁን ሳንሰማ አንቀርብም" አለ። እኔም እንደ ወጉ፣ "መጀመሪያ ዘር እንቁጠር" አልኩ። ልጆቹ እንዳይዛመዱ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ጀመርን። አጎትየው የልጁን አያት ሲጠራ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ "ጾመኛ፣ ደገኛ፣ ሥርዓት አክባሪ የነበሩ" አለ። አሮጌው ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ማራገብ ትንሽ አቆሙ። መቁጠሩ ረዘመ። እኔም የአያቶቼን ስም ለማስታወስ ስጨነቅ መምህሩ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ምግቡን አልወደዱትም" አለኝ።

"ዝም በል፤ ወግ ነው" አልኩት።

ወዲያው ተነስቶ ወጣ። ሽንት ቤት ፍለጋ መስሎኝ ቆጠራዬን ቀጠልኩ። ቤታችን ከፓምፕ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ ቅርጫቱም እንደተጠመደ ወንዙ ውስጥ ነበር። ከእናቴ ወገን አያቶች ጋር ስንደርስ በሩ ተከፈተና ያ የበርሜል ክዳን መጥበሻ፣ ገና እየተንጣጣ፣ በማንጎ ቅጠል ተሸፍኖ ገባ። መምህሩ በጨርቅ ይዞታል፤ ላቡ ሸሚዙን አርሶታል። በአጎትየው ፊት ዝቅ ብሎ አስቀመጠና ቅጠሉን አነሳ። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ሸተተ። እንደ እኔ አድርጎ ነበር የጠበሰው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ብሉ። ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ነው" አለ።

ባለቤቴ ከጓዳው በር ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ከበስተኋላዋ የልጄን ዓይን አየሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ አጎትየው።

"ሽሪምፕ ነው። ከባሮ።"

"የሚበላ ነው?"

መምህሩ የአጎትየውን ፊት አየ፤ የባለቤቴን ፊት አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። አንድ መጥፎ ነገር እንደሠራ ያን ጊዜ ገባው። መጥበሻውን ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳበ።

"የእኔ ምግብ ነው" አለ። "የእኛ ሰዎች ምግብ። እሱ አይበላም። እኔ አላወቅሁም፤ ይቅርታ።"

አጎትየው ትከሻው ወረደ። "እንግዲያው ችግር የለም። የአገሩ ልማድ ነው" አለ፤ ጋቢውንም አስተካከለ። ባለቤቴ እጇን ከአፏ አወረደች። ነገሩ አለፈ ማለት ነው። ዝም ብል ያልፍ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን በሐቀኝነት ልጻፍ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እውነት አልነበረም፤ ስለ ልጄ ነበር። ዝም በል፣ ዝም በል ነበር ልቤ ያለኝ። ግን ያ ሰው ለእኔ ሲል ብቻውን ተዋርዶ መጥበሻውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ስለምትበሉት አትዋሹ ብዬ ያሳደግኳት ልጅም ከበሩ ኋላ ቆማ ታየኛለች። ዝም ብል ልጄ ባል ታገኛለች፤ አባቷ ያስተማራት ግን ውሸት ይሆናል።

እጄን ዘርግቼ አንድ ሽሪምፕ ከመጥበሻው አነሳሁ። ልጬ ጎረስኩ።

"እኔም እበላዋለሁ" አልኩ። "ከአሰብ ጀምሮ። መምህሩ እኔን ለመሸፈን ብሎ ነው።"

አጎትየው ወደ እኔ ዞረ። "በሃይማኖታችን አይበላም" አለ።

"አይበላም። የንስሐ አባቴ ያውቃሉ፤ ይቀጡኛል።"

"ይተዉታል?"

"በጾም እተወዋለሁ። ለዘላለም ትቻለሁ ብዬ ግን ልጄን ለመዳር አልዋሽም። እንዲህ ካለ ሰው ልጅ አንወስድም ካላችሁ መብታችሁ ነው።"

"ልጅቷስ ትበላለች?"

ከጓዳ ድምፅ መጣ። "አንድ ጊዜ ቀምሻለሁ" አለች ልጄ፤ ወደ በሩ ወጥታ ቆመች። "አልወደድኩትም። ያንሸራትታል።"

እናቷ ዞር ብላ አየቻት። "መቼ?"

"አባዬ አስቀምጦ ፓምፕ ሊያስነሳ ሲሄድ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን በስርቆት እቀጣት ነበር። አጎትየው መሬት መሬት እያየ አሰበ፤ የሚያስበውም ደግ ነገር አይመስልም ነበር። ያን ጊዜ አሮጌው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ እውነት እውነቱ የሚነገርበት ቤት ከሆነ" አሉ፣ "የልጁ አያት ከርከሮ ይበሉ ነበር።"

"ጋሼ" አለ አጎትየው።

"ይበሉ ነበር። ጫካ ገብተው ገድለው፣ እዚያው ጠብሰው በልተው፣ አፋቸውን ታጥበው ነው የሚመለሱት። አብሬያቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።"

"ይሄን አሁን ማን ጠየቀዎት?"

"አንተ ሥርዓት አክባሪ ስትል ጊዜ ነው ያሳከከኝ። ይሄ ሰውዬ ልጁን ሊያጣ እየቻለ ተናገረ። እኛ የሞተ ሰው ከርከሮ እንደብቃለን?"

ግድግዳ የተደገፈው ሦስተኛው ሽማግሌ ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ያሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ነው። አጎትየው ሊቆጣ ጀምሮ አልቻለም፤ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና በጫፉ ፊቱን ጠረገ። "እሺታ ልንጠይቅ መጥተን ይቅርታ ስንጠያየቅ መዋላችን ነው" አለ። "በበኩላችን ልጅቷን እንፈልጋለን። ይሄን ዕቃ ግን እባካችሁ ከፊቴ አንሱልኝ።"

ወጉ ሽማግሌ ተመላልሶ እንዲለምን ነው። እኔ ግን ሁለተኛ ቀን አልጠበቅኩም። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሰዎቹን በዚያ ሙቀት እንደገና ከጎሬ ማስወረድ ግፍ መሰለኝ። "ልጄን ሰጥቻለሁ" አልኩ። ባለቤቴ እልል አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ለእኔ የተቀመጠ ቁጣ እንዳለ ይሰማኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዶሮ ወጡን በሉ። መምህሩ መጥበሻውን ይዞ ደጅ ማንጎው ሥር ተቀመጠና ብቻውን በላ፤ አሮጌው ሽማግሌም ወጥተው አጠገቡ ቆመው ስለ አጠማመዱ ሲጠይቁት ቆዩ። አልቀመሱም፤ ግን ጎንበስ ብለው በደንብ አዩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህሩ ቅርጫቱን ይዞ ቢመጣም ከሩቅ ቆመ። ተቆጥቼ እንደሆነ ማየት ፈልጎ ነበር። ተቆጥቼም ነበር።

"አትናገር አላልኩህም?" አልኩት።

"አልተናገርኩም። አመጣሁ እንጂ።"

"ለምን አትናገር ያልኩህ ይመስልሃል?"

"እነሱም ከለመዱት የእኛ ያንሳል ብለህ የፈራህ መስሎኝ። ስስታም ሆነ አልኩ። እንግዳ ሳይበላ ሲቀመጥ አይቼ አፈርኩልህ።"

ስቄ ልጨርሰው አልቻልኩም። ከዚያ ግን ኮስተር አልኩ፤ ዋናው ነገር ገና አልተነሳማ። እሳት አንድደን፣ መጥበሻውን ጥደን፣ ስለ ውሸቱ ጀመርኩ።

"ስለ እኔ ለምን ዋሸህ? አንተ ጸሎተኛ ሰው ነህ።"

"ልጅህ ልጄ ናት። ለልጄ እዋሻለሁ።"

"ለልጅም ቢሆን አይዋሽም።"

"አንተ አትዋሽም። አንተ እውነቱን ተናገር፤ እኔ ልዋሽ። አንድ ሰው ሁለቱንም አይችልም።"

"ሌላ ቀን ቢሆንስ?"

"ሌላ ቀንም እዋሻለሁ። አንተም ሌላ ቀን ታሳፍረኛለህ።"

እንደዚያ ጠዋት ተከራክረን አናውቅም። እኔ ሕግ እጠቅሳለሁ፤ እሱ ልጆቼን በስማቸው ይጠራልኛል። እኔ ትንሽ ውሸት ትልቁን ይወልዳል እላለሁ፤ እሱ "ታዲያ ምን ወለደ? ሠርግ ወለደ" ይለኛል። ብዙ ሰው መክሬ ብዙ ሰው አስተካክያለሁ ብዬ የማስብ ሰው ነኝ። ይህን አንድ ሰው ግን ማስተካከል አልቻልኩም፤ በእውነቱ ካሰብኩት፣ ተስተካክሎልኝ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ከጎኔ የሚቀመጥ ሰው አላገኝም ነበር። ይህን አሁን እጽፈዋለሁ እንጂ ያኔ አልነገርኩትም። እየተጯጯህን ሳለን የመጥበሻው ሽታ ተለወጠ። ሽሪምፑ አሮ ከታች ተጣብቋል። እሱ ጸሎቱን እንኳ ሳያሳጥር ሙሉውን ጸለየ፤ ከዚያ በማንኪያ እየፋቅን ያረረውን በላን።